ቢጫ የሆነ የመኪና መብራት፦ በጥርስ ሳሙና፣ በብርጭቆ ወረቀት ወይስ በአዲስ?

ባሕር ዳር ላይ በሐይቁ ዳር መንገድ የቆሙ መኪኖችን የፊት መብራት ልብ ብላችሁ እዩ። ብዙዎቹ ሞራ ይዟቸዋል። አንዳንዱ ቢጫ ሆኗል፣ አንዳንዱ ነጥቷል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከላዩ እየተላጠ ነው። የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች ሰነፎች አይደሉም። ዘይት በጊዜው ይቀይራሉ፣ የጎማ ንፋስ ያስለካሉ፣ መኪናቸውን በየሳምንቱ ላቫጆ ይወስዳሉ። መብራቱን ግን «መኪናው አርጅቷል፣ ምን ይደረግ» ብለው ትተውታል።

ከተማ ውስጥ ችግሩ ብዙም አይታወቅም። የመንገድ መብራት አለ፣ የሱቅ መብራት አለ። ጉዱ የሚወጣው ዘንዘልማን አልፎ ወደ ሐሙሲት፣ ወይም በሌላው በኩል ወደ መራዊ ሲኬድ ነው። እዚያ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ሰው ይሄዳል። ከብት ያቋርጣል። መብራት የሌለው ጋሪ ከፊት ይመጣል። ሾፌሩ አልታይ ሲለው ረጅሙን መብራት ያበራል። ከፊት ለፊቱ የሚመጣው ሾፌር ደግሞ ዓይኑ ይጠፋል። ሁለት ሰው ሳያይ ይተላለፋል ማለት ነው።

መፍትሔው አንድ ብቻ አይደለም። የጥርስ ሳሙና አለ፣ ብርጭቆ ወረቀት አለ፣ ከውጭ የሚመጣ ኪት (የማደሻ ዕቃዎች ስብስብ) አለ፣ ባለሙያ አለ፣ አዲስ መብራት አለ። ብዙ ሰው የሚያወዳድራቸው በዋጋና በዕለቱ በሚያወጡት ጥራት ነው። እኔ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ሥራው ካለቀ በኋላ ፕላስቲኩን ከፀሐይ የሚከልለው ምንድን ነው? ለዚህ መልስ የሌለው ዘዴ የቱንም ያህል ቢያብለጨልጭ ለባሕር ዳር አይሆንም።

ጥፋቱ የፀሐይ ነው

የዛሬ መኪኖች የፊት መብራት ሽፋን መስታወት አይደለም። ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የጀርመኑ ባየርና የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኬሚስቶች በየራሳቸው ያገኙት ነው። ቀላል ነው፣ ጠጠር ቢያርፍበትም በዋዛ አይሰበርም። ሁለት ድክመት ግን አለው። ላዩ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጫራል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው ደግሞ ይበላሽና ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ፋብሪካው ስስ ግን ጠንካራ የሆነ፣ ጨረር የሚከላከል ሽፋን ይቀባዋል። መብራታችሁን ለዓመታት ያቆየው ያ ሽፋን ነው። እሱ ሲያልቅ ፕላስቲኩ ራቁቱን ይቀራል።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሚያዝያ አንዴ በነሐሴ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ በአናታችን ታልፋለች። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ የሚቆም መኪና ይህን ሁሉ ይጠጣል። አቧራውና በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ የሚደረግ ውልወላ ደግሞ የቀረውን ሽፋን ይፍቀዋል።

ይህን ያነሳሁት ለምርጫው ስለሚጠቅም ነው። ቢጫው ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ማጠብ ይበቃ ነበር። ቢጫው ግን የተበላሸ ሽፋንና የተበላሸ ፕላስቲክ ነው። የሚወጣው ተፍቆ ነው። ሲፋቅ ደግሞ የፋብሪካው መከላከያ ርዝራዥ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የትኛውም ማሸት ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ መልሶ መሸፈን ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት ውሃ ድፉበት

መጀመሪያ ሽፋኑ ፕላስቲክ መሆኑን አረጋግጡ። በጥፍራችሁ ቆርቆር አድርጉት። መስታወት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ፕላስቲክ የታፈነ ድምፅ። የድሮ ቮልስ፣ ላዳ ወይም ዲኤክስ ኮሮላ የያዛችሁ ሰዎች መብራታችሁ መስታወት ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው አይመለከታችሁም። የእናንተ መብራት ከደበዘዘ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ያለው አንጸባራቂ ዝጎ ወይም አምፖሉ ደክሞ ነው።

ፕላስቲክ ከሆነ መብራቱን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት። ከዚያ አንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበትና ውሃው ሳይደርቅ እዩት። እርጥብ እያለ ጥርት ካለና ውስጡ ቁልጭ ብሎ ከታየ ጉዳቱ ከላይ ብቻ ነው። ውሃው ለጊዜው ጭረቱን ስለሞላው ነው የጠራው። እንዲህ ያለው መብራት በማሸት ይድናል። እርጥብ ሆኖም ያው ደብዛዛ ከሆነ ግን ጉዳቱ ከውስጥ ነው፣ ወይም ፕላስቲኩ በጥልቀት ተሰነጣጥቋል። በጀርባው ውሃ ገብቶ ጤዛ የያዘ፣ አንጸባራቂው የተቃጠለ፣ ውስጡ ድር የመሰለ ስንጥቅ የሞላበት መብራት ከላይ ቢታሽ ልፋት ብቻ ነው። በቀጥታ ወደ መቀየሩ ሂዱ።

ይቺ የውሃ ሙከራ ያገለገለ መኪና ስትገዙም ትረዳችኋለች፤ በተቃራኒው። አንዳንድ ሻጭ መብራቱን በዘይት ወልውሎ ያቀርባል። ዘይቱም ልክ እንደ ውሃው ጭረቱን ሞልቶ ያጠራዋል። በፈሳሽ ሳሙና ታጥቦ ሲደርቅ እውነቱ ይወጣል።

ፈጣኖቹ ዘዴዎች

ላቫጆ ላይ ቆማችሁ ሳለ «ጋሼ፣ መብራቱን በኮልጌት ላጽዳልዎ?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ልጁ አልዋሸም። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ጥርስን የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት አለ። ያ ዱቄት ላይ ላዩን ያለውን ስስ ቢጫ ያነሳል። መብራቱ ገና መደብዘዝ ከጀመረ ለውጡ በዓይን ይታያል። ሽፋኑ እየተላጠ ላለ መብራት ግን ምንም አያደርግም። በሁለቱም ሁኔታ ከላይ የሚቀር መከላከያ የለም። ሳምንታት ቆይቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሌላ ነገር በእጃችሁ ከሌለና ነገ ሌሊት መንገድ ካላችሁ አሠሩት። ከዚያ ያለፈ ተስፋ አትጣሉበት።

ሌላው በየቪዲዮው የሚታየው የወባ ትንኝ መከላከያ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ይህ ከየፋርማሲው አይጠፋም። ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት ቅባት ወይም ስፕሬይ መብራቱ ላይ ሲቀባ በደቂቃ ውስጥ ያጠራዋል። ሰው ተአምር ይመስለዋል። እየሆነ ያለው ግን ዲቱ የፕላስቲኩን ላይ እያሟሟው ነው። የሟሟው ፕላስቲክ ጭረቱን ይሞላል፣ ያበራል፣ ቆይቶ ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ መልሶም ይነጣል። ኋላ በብርጭቆ ወረቀት ለማስተካከልም ያስቸግራል። ወደ ፓራውልቱና ወደ ቀለሙ ከፈሰሰ ደግሞ ሌላ ጉዳት ነው። ይህን ፈጽሞ አልመክርም። ለወባ ትንኝ ይሁን።

ቤንዚንና ቲነርም እንዲሁ ናቸው። ፖሊካርቦኔት በእነዚህ ሲነካ በደቃቁ ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ ከገባ የሚመልሰው የለም።

በኩባያ የሚፈላ ፈሳሽ ጭሱን መብራቱ ላይ በመልቀቅ የሚያጠሩም አሉ። ሥራው ፈጣን ነው፣ ውጤቱም ያምራል። ፈሳሹ ግን ብዙውን ጊዜ ክሎሮፎርምን ወይም ዲክሎሮሜቴንን የመሰለ ኬሚካል ነው፣ ጭሱም ለሠሪው ጤና አደገኛ ነው። አንድ ወጣት ይህን በየቀኑ እየተነፈሰ መኪናዬን እንዲያሳምርልኝ አልፈልግም።

አምፖል መቀየርም እንደ መፍትሔ ይቆጠራል። «ኤልኢዲ ግጠምበትና ተገላገል» ይባላል። ደብዛዛ ሽፋን ላይ ኃይለኛ አምፖል ሲገጠም ብርሃኑ ይበተናል። መንገዱ ላይ የሚያርፈው ትንሽ፣ ከፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን የሚገባው ብዙ ይሆናል። በብዛት የሚገኘው ኤች 4 አምፖል 60/55 ዋት ነው። በእሱ ፋንታ 100 ዋት የሚያስገቡም አሉ። ሙቀቱ ሶኬቱን ያቀልጣል፣ አንጸባራቂውን ያቃጥላል። መጀመሪያ ሽፋኑን አጥሩ። አምፖሉ ደካማ መሆኑ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ብርጭቆ ወረቀት፦ ጊዜ ካላችሁ የሚበልጥ የለም

ውሃ የሚችለውን ጥቁሩን ብርጭቆ ወረቀት ነው የምትፈልጉት። የእንጨት ሥራውን ቢጫ ወይም ቡናማ ወረቀት አትግዙ፣ ውሃ ሲነካው ይበታተናል። ከጀርባው ቁጥር አለው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል። ቀለም መሸጫዎችና የመኪና ቀለም ቤቶች ይይዙታል። ችግሩ እስከ 1000 ወይም 1500 ያለው በቀላሉ ሲገኝ፣ 2000ና 3000 ፍለጋ የሚያዞር መሆኑ ነው። ሳታሟሉ አትጀምሩ። በ1000 ታሽቶ የቀረ መብራት ከመጀመሪያው የባሰ ደብዛዛ ነው።

መነሻው ቁጥር እንደ ጉዳቱ ነው። ሽፋኑ በቦታ በቦታው እየተላጠ ከሆነ ከ400 ወይም ከ600 ጀምሩ። ቢጫ ብቻ ከሆነና ላዩ በጣት ሲዳሰስ ልስልስ ካለ 800 ወይም 1000 ይበቃል። ከዚያ ወደ 1500፣ 2000፣ 3000 መውጣት ነው። ደረጃ መዝለል ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል እንጂ አይቆጥብም። በእጅ ሲታሽ 800 የተወውን ጭረት 3000 አያነሳውም።

መብራቱን ሳትነቅሉ መሥራት ትችላላችሁ። ግን ዙሪያውን፣ ኮፈኑንና ፓራውልቱን ጨምሮ፣ በቀለም ቀቢ የወረቀት ፕላስተር ሁለት ድርብ ሸፍኑ። ወረቀቱ አንዴ አምልጦ ቀለሙን ከነካ ሌላ ወጪ ነው። መኪናውን ጥላ ውስጥ አስገቡ። በአንድ ባልዲ ውሃ ላይ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ። ወረቀቱን በሰፍነግ ወይም በላስቲክ ቁራጭ ላይ ጠቅልላችሁ ያዙት። በባዶ ጣት ከታሸ ጣቱ ያረፈበት ቦታ እየጎደጎደ ይሄዳል።

አሁን እሹ። ውሃው እንዳይቋረጥ። በመጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ቢጫ ነው። ይህ የሞተው ሽፋን ነው። መሃል ላይ ስትደርሱ መብራቱ ካርታ ይመስላል፤ ሽፋኑ የለቀቀበት ቦታ አንድ ዓይነት፣ ያልለቀቀበት ሌላ ዓይነት ሆኖ ድንበሩ ይታያል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አበላሸሁት» ብሎ ይደነግጥና ያቆማል። አታቁሙ። ድንበሩ እስኪጠፋና የሚወርደው ውሃ ነጭ እስኪሆን ቀጥሉ። መብራቱ በሙሉ እኩል ሲነጣ የመጀመሪያው ወረቀት ሥራውን ጨርሷል። ጠርዝ ጠርዙን፣ በተለይ ወደ ኮፈኑ የሚጠጋውን የላይኛውን ክፍል አትርሱ። ፀሐይ አብዝታ የምትመታው እሱን ነው፣ እጅ የሚዘለውም እሱን ነው።

ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ መብራቱንም ሰፍነጉንም በንጹሕ ውሃ እጠቡ። አንዲት የ600 ደቃቅ ፍሬ ከቀረች የ2000ውን ሥራ ትጭርባችኋለች። ሁለተኛ፣ አቅጣጫ ቀይሩ። በ800 አግድም ካሻችሁ በ1500 ከላይ ወደ ታች እሹ። እንዲህ ሲሆን የቀድሞው ጭረት ጨርሶ መጥፋቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። አግድም መስመር እስካለ ወደ ሚቀጥለው አትለፉ። በየመሃሉ አድርቃችሁ ተመልከቱ፤ እርጥብ እያለ ሁሉም ያማረ ይመስላል።

ከ3000 በኋላ የመኪና ቀለም ማለስለሻ ፖሊሽ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ታደርጉበታላችሁ። በእጅ ከሆነ ጫን እያላችሁ፣ በክብ በክብ፣ ደጋግማችሁ። ድሪል ላይ የሚገጠም ስፖንጅ ካላችሁ ይፈጥናል፣ ግን ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፣ አንድ ቦታ ላይም አትቁሙ። ፕላስቲኩ ሲሞቅ ይጨማደዳል። በእጅ ለአንድ መብራት አንድ ሰዓት ያህል ያዙ። ሽፋኑ የተላጠ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል።

ስሪኤምን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ኪት የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ ለማፍጠን ነው። የስሪኤሙ ኪት በድሪል የሚዞሩ የ500፣ የ800ና የ3000 ክብ ወረቀቶችና ፖሊሽ አሉት። ውጭ ያለ ዘመድ ሲመጣ ማስመጣት ይቻላል። ስትመርጡ ግን መጨረሻ ላይ የሚቀባ መከላከያ ያለበት መሆኑን እዩ። ፖሊሽ ብቻ ያለው ኪት ከብርጭቆ ወረቀቱ የሚለየው በድካም ብቻ ነው። መከላከያው በስፕሬይ ቆርቆሮ ከሆነ ዘመዳችሁ በአውሮፕላን ሻንጣ ይዞት መምጣት አይችልም። በጨርቅ የሚቀባውን ይምረጥ።

ከላዩ ምን ይቀባ?

ዋናው ውሳኔ እዚህ ነው። እስከዚህ የሠራችሁት ሁሉ የሚቆየው በዚህ ነውና።

የመኪና ሰም በጣም ርካሹ ነው። ባለ ፀሐይ አገር ሳምንታት፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። በየወሩ ሳይሰለቹ የሚቀቡ ሰዎች አሉ፣ ለእነሱ ይሠራል። ለሌሎቻችን አይሠራም።

በጨርቅ የሚቀባ የመብራት መከላከያ ወይም ሴራሚክ የሚባለው ሽፋን ይሻላል። በጥላ ለሚያድር መኪና ዓመት ገደማ ሊሄድ ይችላል። ሲያልቅ በ3000 ጠረግ ጠረግ አድርጎ እንደገና መቀባት እንጂ ከ600 መጀመር የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ቀለም ቀቢዎች መኪና ከቀቡ በኋላ ከላይ የሚረጩት ክሊር ነው፤ ማጠንከሪያ የሚደባለቅበት ባለ ሁለት ቆርቆሮው። በደንብ ከተረጨ ለዓመታት ይቆያል። ጭረትም ይችላል። ይህን ከመረጣችሁ የማሸቱ ሥራም ያጥራል፣ ምክንያቱም እስከ 3000 መሄድ አያስፈልግም። 1000 ላይ ትቆማላችሁ። ክሊሩ የሚይዘው ትንሽ ሻካራነት ይፈልጋል፣ የቀረውን ጭረት ደግሞ እሱ ራሱ ይሞላዋል። ነጭ የነበረው መብራት የመጀመሪያው ስስ እጅ ሲረጭበት ወዲያው ጥርት ሲል ማየት ደስ ይላል።

ነገር ግን ይህን ቤት ውስጥ አትርጩ። ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የሚባል ለሳንባ ጎጂ ነገር አለበት። የአቧራ ማስክ አያግደውም። እኔ ለባሕር ዳር ሰው የምመርጠው መንገድ የሚከተለው ነው። ማሸቱን ቤታችሁ ሥሩ። እስከ 1000 ጨርሱ። አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ፕላስተሩን ሳትነቅሉ መኪናውን ወደ ሰፈራችሁ የመኪና ቀለም ቤት ውሰዱ። ለሌላ መኪና ክሊር በሚረጩበት ቀን ብትደርሱ ትርፉ ለእናንተ ሁለት መብራት ይበቃል። ልፋቱ የእናንተ ስለሆነ ክፍያው ያንሳል፣ መሣሪያውና ልምዱ ደግሞ የእነሱ ነው።

ቀለም ቀቢውን ሁለት ነገር ለምኑት። አንደኛ፣ ከመርጨቱ በፊት በቲነር እንዳይወለውል። እነሱ ቆርቆሮ ስለለመዱ እጃቸው ወደ ቲነሩ ነው የሚሄደው። አልኮል ይዛችሁ ሂዱና በእሱ ይጠረግ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን እጅ በጣም አሳስቶ ይርጭ፣ ትንሽ ያድርቀው፣ ከዚያ ይድገመው። አንዴ በወፍራሙ ከተረጨ ይወርዳል፣ በውስጡ ያለው ማሟሟያም ፕላስቲኩን ሊጎዳ ይችላል። ለአንድ ቀን ውሃ አይንካው።

ጊዜም ምረጡ። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናቡ ለመርጨት አያመችም። በበጋ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሳል፣ አቧራ ይዞ ይመጣል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብታደርሱት ጥሩ ነው።

ባለሙያ ጋ ስትሄዱ

ሙሉውን ሥራ የሚሠሩ አሉ። ጊዜ ለሌለው ሰው ተገቢ ምርጫ ነው። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ግን «ስትጨርስ ምን ትቀባበታለህ?» በሉት። «ክሊር» ወይም የመከላከያውን ስም ከነገራችሁ ጥሩ ነው፣ ቆርቆሮውን አሳየኝ በሉት። «አታስብ፣ እንደ አዲስ ነው የሚያበራው» ብቻ ካላችሁ የሚሸጥላችሁ ፖሊሽ ነው። በፖሊሽ ዋጋ ተስማሙ ወይም ተዉት። ቀድሞ የሠራውን መኪና፣ በተለይ ዓመት ያለፈውን፣ ማየት ከቻላችሁ ከማንኛውም ቃል ይበልጣል።

አዲስ መግዛት

እ.ኤ.አ. በ2018 ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር የደበዘዙ መብራቶችን ለክቶ ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገሉት መብራቶች በአጭር መብራት ሲበሩ የሚሰጡት ብርሃን የአዲሱን 20 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በማሸትና በፖሊሽ የታደሱት ወደ 70 በመቶ ተመለሱ፤ ባለሙያም ሠራው ባለቤቱ፣ ልዩነቱ እምብዛም አልነበረም። ሌላ አምራች የሠራቸው አዳዲስ መብራቶች ከ83 እስከ 90 በመቶ ሰጡ። የመኪናው ፋብሪካ ኦሪጅናል 100 በመቶ ሰጠ።

ከነዚህ ቁጥሮች የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ማሸት ከ20 ወደ 70 ያወጣል፤ በጥቂት ብር ወረቀትና በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ይህን የሚያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ጥገና አላውቅም። በሌላ በኩል ግን አዲሱን አይተካም። ሌሊት ሌሊት ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሾፌር ያ የቀረው 30 በመቶ ትልቅ ነገር ነው። የእሱ ገንዘብ አዲስ መብራት ላይ ቢውል አልቃወምም።

ችግሩ ዋጋው ነው። መለዋወጫ ውድ ነው፣ ለአንዳንድ መኪና ደግሞ ኦሪጅናሉ አዲስ አበባ ካልተፈለገ አይገኝም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ አሁን በእጃችን ያለው ቪትዝና ኮሮላ ብዙ ዓመት አብሮን ይቆያል። መብራቱም እንዲሁ። ስለዚህ አንዴ አዲስ ከገዛችሁ ገና ከሳጥኑ ሲወጣ፣ ፀሐይ ሳያየው፣ መከላከያ ቀቡበት። ርካሾቹ ላይ ያለው የፋብሪካ ሽፋን ቶሎ ነው የሚያልቀው።

ያገለገለ መብራት ከገዛችሁ ከየት አገር መኪና የተነቀለ እንደሆነ እወቁ። ጃፓን በግራ ነው የሚነዳው። ለጃፓን የተሠራ መብራት ብርሃኑን ወደ ግራ ጠርዝ ከፍ ያደርጋል። እኛ አገር በቀኝ ስለምንነዳ ያ ከፍ ያለ ብርሃን በቀጥታ ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ ይገባል። ላዩ ጥርት ስላለ ብቻ አትግዙት።

ለማን የቱ?

መኪናችሁ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ብቻ የሚል ከሆነና መብራቱ ገና መደብዘዝ ከጀመረ፣ ከ1500 ጀምራችሁ እስከ 3000 እሹ፣ ፖሊሽ አድርጉ፣ በጨርቅ የሚቀባ መከላከያ ጨምሩ። ይበቃችኋል።

ሽፋኑ የተላጠና ሜዳ ላይ የሚያድር መኪና ያላችሁ ሰዎች ከ600 ጀምራችሁ 1000 ላይ አቁሙና ክሊር አስረጩ። ለዚህ ዓይነት መኪና ሰም መቀባት ብር ማባከን ነው።

ሚኒባስ ወይም ሌላ ሌት ተቀን የሚሠራ መኪና ከሆነ የውሃውን ሙከራ አድርጉ። ካለፈ ክሊር፣ ካላለፈ አዲስ። የሰው ነፍስ ጭናችሁ በጥርስ ሳሙና አትሂዱ።

አንዱ ብቻ የተሰበረ ከሆነ አንዱን ብቻ ቀይራችሁ ሌላውን እሹት። ትንሽ የቀለም ልዩነት ይኖራል እንጂ ሁለቱንም ለመግዛት አትገደዱም።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ፣ በተለይ መብራቱ ተነቅሎ ከተመለሰ፣ መጨረሻ ላይ አቅጣጫውን ለኩ። ሲመሽ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀት ላይ አቁሙት። አጭር መብራቱን አብሩ። የመብራቱ መሃል ከመሬት ያለውን ከፍታ ለክታችሁ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። የብርሃኑ የላይኛ ጠርዝ ከምልክቱ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ መታየት አለበት፣ ወደ ላይ የሚወጣው ዘንበል ያለው ክፍልም በቀኝ በኩል ይሁን። ከፍ ብሎ ከታየ ማስተካከያው ብሎን ከመብራቱ ኋላ ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ በካቻቢቴ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ አንድ ሰው ግድግዳው ጋ ቆሞ ይንገራችሁ።